ለእናቴ ግቢ ደብሊው ፒ ሲ ስመርጥ

አራት ኪሎ ያለው የእናቴ ቤት ከሳሎኑ በር እስከ አጥሩ ድረስ ሊሾ ነበር። ክረምት ላይ ያንሸራትታል፣ በጋ ላይ አቧራ ነው። እናቴ ደግሞ ውጭ መቀመጥ ትወዳለች። ከሳሎኑ ወለል እኩል የሆነ፣ በባዶ እግር የሚረገጥ መድረክ እንሥራላት ብለን ከወንድሜ ጋር ተስማማን። ወጪውን ተካፈልን፤ ዕቃ መምረጡና ሠራተኛ መከታተሉ የእኔ ሆነ።

መጀመሪያ ያሰብኩት እንጨት ነበር። ባህር ዛፍ እንደ ልብ ይገኛል፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። መሬት አጠገብ ከዋለ ምስጥ አይምረውም። የሀበሻ ጽድን ምስጥ አይደፍረውም፤ የድሮ ሰው ለምሰሶና ለአጥር የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን የጎለመሰ ጽድ የሚመጣው ከተፈጥሮ ደን ነው። ከዚያ ደን የተረፈን ትንሽ ነው። ለመቀመጫ ብዬ እሱን ማስቆረጥ ልቤ አልፈቀደም።

ስለዚህ ፊቴን ወደ ደብሊው ፒ ሲ አዞርኩ። የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ በሙቀት ተዋህደው በቅርጽ የሚወጣ ቦርድ ነው። ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ ጀሪካን የሚሠራበት ዓይነት ፖሊኤቲሊን ነው። ገበያ ላይ ስትዞሩ ሁሉም አንድ ይመስላል። ግን ሁለት ነገር ይለያየዋል። አንደኛው ልባሱ ነው። የቆየው ዓይነት ልባስ የለውም፤ የእንጨቱ ዱቄት እስከ ላይ ድረስ ይታያል። አዲሱ ግን በስስ ፕላስቲክ ተለብጦ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። አንዳንዱ በአራቱም ጎን የተለበጠ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሥሩ ልባስ የለውም፤ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ውስጡ ነው፤ ክፍት ወይም ድፍን። ክፍቱ ይቀላል፣ ዋጋውም ይሻላል። ድፍኑ ይከብዳል፤ ሲረገጥ ግን አይሰግድም።

የሄድኩባቸው ሻጮች ቶሎ ብለው የሚያሳዩኝ ውሃ ነበር። ቦርዱ ላይ ያፈሳሉ፣ በእጃቸው ይጠርጋሉ፣ «ይኸው፣ አይጠጣም» ይላሉ። ክረምታችን ከባድ ስለሆነ ገዢውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔን ግን ያሳሰበኝ ፀሐዩ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለንም፤ ሚያዝያ ላይ በቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቀንም እንጂ ቀለም የሚበላው፣ ፕላስቲክ የሚያደርቀው ይህ ጨረር ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ከሐምሌና ነሐሴ ዝናብ በላይ ወለሉን ይፈትነዋል ብዬ አመንኩ። አሁንም በዚያው ነኝ።

ከየሱቁ ቁራጭ ለመንኩ። ብዙዎቹ በደስታ ሰጡኝ። እያንዳንዱን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኜ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ አውጥቼም እንደገና መዘንኩት። ከዚያ ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዬ ቆርቆሮው ላይ አሰጣኋቸው። በጋ ነበር፣ ፀሐይ አልጎደለም። ፎይሉን ስፈታ ልባስ የሌላቸው ላይ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው በግልጽ ተለያየ። ልባስ ያላቸው እምብዛም አልተለወጡም። ውሃ ላይም ልዩነት ነበር፤ ልባስ ያለውም ቢሆን በተቆረጠው ጫፍ በኩል ትንሽ ይጠጣል። ጥቁሩና ጥቁር ቡናማው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በእጅ አይነካም። ለእናቴ እግር አይሆንም። በመጨረሻ በአራቱም ጎን ልባስ ያለው፣ ድፍን፣ ቀለሙ ወደ ግራጫ የሚያደላ ቦርድ መረጥኩ። ውድ ነው። በግቢ መካከል ፀሐይ ላይ ለሚውል ወለል ግን ከዚህ በታች አልወርድም። ጣሪያ ላለው በረንዳ ቢሆን ልባስ የሌለውም ይበቃ ነበር።

ቁራጮቹ ላይ ፍምም ጣልኩባቸው። ሁሉም ተጎዱ። ፖሊኤቲሊን 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የከሰል ፍም ደግሞ ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ይህን የነገረኝ ሻጭ አልነበረም። ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ዋና ጥያቄ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጥግ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ አስነጠፍን፤ ከቦርዱ እኩል ከፍታ ላይ። ምድጃውና ረከቦቱ እዚያ ነው የሚቀመጡት። ዕጣን ማጨሻውም እንዲሁ። ውጭ ቡና የምታፈሉ ከሆነ ይህን ጥግ ከመጀመሪያው ስሌት ውስጥ አስገቡት።

ከቦርዱ በታች ያለውን ሥራ እንደ ቦርዱ ያህል አስቡበት። ሞራሌ አልተጠቀምኩም። ቦርዱን ምስጥ ባይበላው እንኳ የተሸከመውን እንጨት ከበላው ምን ዋጋ አለው? ቱቦላሬ አስበየድን፤ የብየዳው ቦታ ሁሉ ፀረ ዝገት ተቀባ። የፋብሪካው ወረቀት በቱቦላሬዎቹ መካከል ከ40 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ ይላል። እኔ 30 አደረግኩት፤ በዓል ሲሆን፣ ለቅሶም ሲመጣ፣ ይህ ግቢ ብዙ ሰው ይይዛል። ሊሾው በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል ተስተካከለ፤ ጎኖቹም ለአየር ክፍት ናቸው። ከስር ውሃ ከተኛ የትኛውም ቦርድ አይበረክትም።

ከአናፂው ጋር የተከራከርነው በቦርዶቹ መካከል በሚተወው ክፍተት ላይ ነበር። ጎበዝ ሰው ናቸው፣ እጃቸው ንጹሕ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ክፍተት አያምርም። ጠጋ አድርጌ ልምታው» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ይሄ ግማሹ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል።»

«እንጨት አይደለም እንዴ?»

እንጨት ርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ነው የሚያብጠው። ይህ ግን ሙቀት ሲያገኝ በርዝመቱም ይሄዳል። 2.9 ሜትር የሆነ ቦርድ በ30 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ሊረዝም ይችላል። እኛ ከተማ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀን ላይ ቦርዱ ይግላል። ይህን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ከዚያ በኋላ ክፍተቱን ከእኔ በላይ የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ፤ ጠዋት በብርዱ ሲሠሩ ሰፋ፣ ከሰዓት ጠበብ ያደርጉት ነበር። ማያያዣው ክሊፕ የማይዝገው ብረት ይሁን፤ በዋጋው ላይ ብዙም አይጨምርም።

«ጥገና አይፈልግም» የሚባለውን አትመኑ። ክረምት ላይ አቧራ ከርጥበት ጋር ተጋግሮ ሻጋታ ያወጣል። በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይለቃል። የብረት ብሩሽ ልባሱን ስለሚፍቀው አይነካ። ቅባት ጠብ ካለ ሳይውል ሳያድር መጥረግ ነው።

ስትገዙ ዋጋውን በካሬ ሜትር ጠይቁ። በቦርድ የሚነግሯችሁ ዋጋ ርካሽ ይመስላል። 14 ሳንቲ ሜትር ወርድና 2.9 ሜትር ርዝመት ያለው ቦርድ ግን ግማሽ ካሬ እንኳ አይሸፍንም፤ ለአንድ ካሬ ከሁለት በላይ ያስፈልጋል። ክሊፑና የጫፍ መሸፈኛው ተጨምሮበት እንደሆነም አረጋግጡ። ዋስትና ካላቸው ወረቀቱን እዚህ አገር ማን እንደሚያከብረው በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የሰበሰብኳቸው ፕሮፎርማዎች የሚጸኑት ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ልኬታችሁን ጨርሳችሁ ሂዱ። ከሚያስፈልጋችሁም 10 በመቶ ያህል ጨምራችሁ ግዙ። የሚቀጥለው ኮንቴነር ተመሳሳይ ቀለም ላያመጣ ይችላል። እኛ የተረፉንን ቦርዶች ጥላ ውስጥ፣ ደልዳላ መሬት ላይ አስተኝተናቸዋል። ግድግዳ ላይ ከተደገፉ ይጎብጣሉ።