አምስተኛው ጠርዝ

ደሴ ውስጥ፣ ወደ ጦሳ በሚወጣው ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ጂ ፕላስ 4 ሕንጻ ችካል እየተመታ ነበር። ቀያሹ ቶታል ስቴሽኑን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን መሣሪያ) ተክሎ የፊቱን የቀኝ ጥግ ሲያወጣ ችካሉ ከመንገዱ ወሰን 2 ሜትር ላይ አረፈ። የፕላን ስምምነቱ (ሕንጻው ከወሰኑ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው ሰነድ) የሚለው ግን ከፊት 5፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት፣ ከኋላ 3 ሜትር ነው። መሣሪያውን አስተካክሎ ደግሞ ለካ፤ ያው 2። ወደ ዲዛይን ቢሮው ደወለ። «አብሽር፣ ቁፋሮ አልጀመርንም። ግን ይህቺ ጥግ መንገድ ልትገባ ምን ቀራት?»

ስህተቱ የተገኘው ሴትባኩን (ሕንጻው ከይዞታው ወሰን የሚርቅበትን ስፋት) በሚያሰላው የግራስሆፐር ፋይል ውስጥ ነው፤ ግራስሆፐር ራይኖ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ውስጥ ስሌት የሚሠሩ ሳጥኖችን እያያያዙ የሚሠሩበት መሣሪያ ነው።

ይዞታው 15 በ20፣ 300 ካሬ ነው። ካርታው ላይ አራት ጥግ ስለነበረው ፖሊላይኑም (ወሰኑን የሚስለው የተያያዘ መስመር) መጀመሪያ አራት ጠርዝ ነበረው። ፋይሉ ፖሊላይኑን ይበትንና ጠርዞቹን ከዜሮ ጀምሮ ይቆጥራል፦ 0 ፊት፣ 1 ቀኝ፣ 2 ኋላ፣ 3 ግራ። ከጎኑ ያለው ፓነል (የቁጥር መጻፊያ ሳጥን) ላይ 5፣ 2፣ 3፣ 2 ተጽፏል። እያንዳንዱ ጠርዝ በደረሰው ቁጥር ስፋት ወደ ውስጥ አንድ ሰቅ ያወጣል። ሰቆቹ ከይዞታው ተቀንሰው የሚቀረው ሕንጻው ሊያርፍበት የሚችለው ቦታ ሲሆን፣ እሱ ወደ ላይ ሲሳብ ኤንቨሎፑ (ሕንጻው ሊያልፈው የማይችለው ቅርጽ) ይወጣል። 11 በ12፣ 132 ካሬ። እስከዚህ ልክ ነበር።

ከዚያ ቀያሹ ቦታውን በአካል ለካና የመንገዱ ወሰን ከግራ በ9ኛው ሜትር ላይ በጥቂት ሳንቲሜትር እንደሚታጠፍ አገኘ። ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ነጥቧን ጨምሮ አዲሱን የአውቶካድ ፋይል ላከ። አዲሱ ፖሊላይን በአሮጌው ቦታ ሲገባ ጠርዞቹ አምስት ሆኑ፤ 0 እና 1 ሁለቱም ፊት ናቸው፣ ቀኙ 2፣ ኋላው 3፣ ግራው 4 ሆነ። ቁጥሮቹ ግን አራት እንደሆኑ ቀሩ። ግራስሆፐር አንዱ ዝርዝር ሲያጥርበት የመጨረሻውን ዋጋ እየደገመ ይቀጥላል፤ ኮምፖነንቱ (የስሌቱ ሳጥን) ቀይ አይሆንም፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ስለዚህ የፊቱ ሁለተኛ ክፍል 2 ሜትር፣ ቀኙ 3፣ ኋላው 2 ደረሳቸው፤ ግራው የተደገመውን 2 ወሰደ።

ለምን አልታየም? የወጣው ስፋት 139 ካሬ ገደማ ነው። ከ132 ጋር ሲነጻጸር ነጥቧ የፈጠረችው ለውጥ ይመስላል። ቅርጹም ያታልላል፦ ልክ እጥፋቱ ጋ 3 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል 3 ሜትር ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል፣ እጥፋቱ ያመጣው ነው ብሎ ማመን ቀላል ነው። ንድፍ ሠሪው ደረጃውን እዚያ ላይ አስቀመጠ፤ የስትራክቸር ሥዕሉም ያንን ተከትሎ ተሠራ። ሲስተካከል ደረጃው ከነመሠረቱ ወደ ኋላ ሄደ፣ በየፎቁም 7 ካሬ፣ በአምስቱ ወለል 35 ካሬ ቀነሰ። የቦታው ባለቤት ሐጂ ሥዕሉን ዘርግተው «ልጆቼ፣ መሬቴ ነው ያነሰው ወይስ ቁጥራችሁ?» ሲሉ መልስ መስጠት ከባድ ነበር።

ፊት የትኛው እንደሆነ በተራ ቁጥር መወሰን የለበትም። የመንገዱ መሀል መስመር ለብቻው ግብዓት ይሁን፤ የየጠርዙ መሀል ነጥብ ከመስመሩ ያለው ርቀት ይለካ። ርቀቱ ከመንገዱ ስፋት ግማሽ በትንሹ ብቻ የሚበልጥ ጠርዝ ሁሉ ፊት ነው። ኮርነር ቦታ ላይ ሁለት መንገድ ስላለ ሁለቱም መስመሮች ይግቡ። «ከሁሉ የቀረበውን አንድ ጠርዝ» መምረጥ እዚህ አይሠራም፤ የታጠፈ ፊት ሁለት ጠርዝ ነውና አንዱን ይጥላል። የጠርዙና የቁጥሩ ብዛት እኩል ካልሆነም ውጤቱ እንዳይወጣ የሚያግድ አንድ ማነጻጸሪያ ይጨመር፤ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። ኤንቨሎፑ በታተመ ቁጥር በየጠርዙ ላይ የደረሰው ሜትር በጽሑፍ ቢወጣ ደግሞ ማንም ሰው በዓይኑ ያጣራዋል።

«ወደ ውስጥ» የሚለውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የኦፍሴት (መስመሩን በተወሰነ ርቀት የማሸሽ) አቅጣጫ ፖሊላይኑ በሰዓት አቅጣጫ ዞሮ ወይም በተቃራኒው በመሣሉ ይገለበጣል፣ ከቀያሽ የሚመጣው ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ነው። ከጠርዙ መሀል 10 ሳንቲሜትር በቀጤ ነክ ወጣ ብሎ ነጥቡ ይዞታው ውስጥ መሆኑን መጠየቅ ያስተማምናል። ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ያለው ይዞታ ላይ በሁለቱ ሰቆች መካከል ባዶ ስለሚቀር፣ ጥጉ ላይ በሴትባኩ ሬዲየስ ክብ ተጨምሮ አብሮ ይቀነሳል።

ኮኦርዲኔቱንም (የቦታውን መገኛ ቁጥር) ቸል ማለት አይገባም። የደሴ ቦታ በአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 (ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ሲጻፍ ሰሜናዊው ቁጥር 1,230,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ፋይሉ በሚሊሜትር ከሆነ ከቢሊዮን ያልፋል። ራይኖ ከመነሻው ነጥብ ይህን ያህል ሲርቅ የሚታየው ቅርጽ ይንቀጠቀጣል፣ መቀናነሱም አንዳንዴ ባዶ ይመልሳል። በሜትር ሠርቶ አንዱን የወሰን ድንጋይ ዜሮ ማድረግና የተቀነሰውን ቁጥር ፋይሉ ላይ መጻፍ ይበቃል። ከስልክ ጂፒኤስ የተወሰደ ነጥብ እንዳይቀላቀል፤ በዳተሙ (ቁጥሮቹ በሚመሠረቱበት የምድር ሞዴል) ልዩነት ብቻ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል።

በደሴ መሬት ከፍታም እንደዚሁ ነው። 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ይዞታ በ18 በመቶ ቢያጋድል ከላይ እስከ ታች 3.6 ሜትር ልዩነት አለው፣ ከአንድ ፎቅ ይበልጣል። ጂ ፕላስ 2 ሕንጻ በ3.2 ሜትር ወለል 9.6 ሜትር ይሆናል፤ ከታችኛው ጥግ ሲለካ 13.2። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ያለውን ሕንጻ ምድብ ሐ (ከሦስቱ ምድቦች የመጨረሻው) ውስጥ መድቦታልና፣ ከየት እንደሚለካ ፈቃድ ሰጪውን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ሞዴሉም ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሳይሆን በቀያሹ ከፍታ ነጥቦች ላይ ይቁም።

ያን ቀን ሌላም ነገር ተገኘ። ቀያሹ የመታው ችካል የኮለኑ (የምሰሶው) አክሲስ፣ ማለትም የመሀል መስመሩ፣ ነበር፤ አክሲሱ በቀጥታ ኤንቨሎፑ መስመር ላይ ተቀምጧል። ኮለኑ 40 በ40 ነው፤ ግማሹ 20 ሳንቲሜትር፣ ልስኑ 2። የመጨረሻው ገጽ ያርፍ የነበረው 2 ሜትር ላይ ሳይሆን 1.78 ላይ ነው። ፋይሉ ተስተካክሎ እንደገና ችካል ሲመታ፣ የፊቱ አክሲስ ከመንገዱ ወሰን 5.22 ሜትር ላይ ወጣ።