ፊልተሬን በንፅህና ነው የገደልኩት፦ የ40 ሊትሯ አኳሪየም (የአሳ ሳጥን) 7ኛ ወር

ሰላም ጓዶች፣ ትናንት ማታ የሳጥኑን ውሃ ስለካ አሳ የሚገድሉት አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም 0፣ ብዙም የማይጎዳው ናይትሬት 20 (ሚሊግራም በሊትር) አካባቢ፣ ይሄ እንግዲህ በተከታታይ ሶስተኛ ሳምንት! ለቆያችሁት ሰዎች ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ እኔ ግን ያቺን ቢጫ የቴስት ቱቦ ይዤ ቤተሰቡን ሁሉ እየዞርኩ ሳሳይ ነበር።

አጀማመሬ ስለሚያሳፍር ቶሎ ልለፈው። ውሃ በሞላሁ በማግስቱ ሁለት ጎልድፊሽ፣ ስድስት ኒዮን ቴትራ፣ አራት ጋፒ የሚባሉ አሳዎች ከተትኩበት። ቴትራ ሞቅ ያለ ውሃ ይፈልጋል፣ ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደሞ ሲያድግ ከ15 ሴንቲ በላይ ነው፣ ይበላል ያራል ይበላል ያራል። ጎልድፊሾቹን ኩሬ ላለው ሰው ሰጠኋቸው። አሁን ትንሽ ሳጥን ውስጥ ጎልድፊሽ ሳይ ደሜ ይፈላል (ራሴ አድርጌው ስላበቃሁ መብት የለኝም፣ ግን ይፈላል)።

ወደ ፊልተሩ። ከሳጥኑ ጋር የመጣው ጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል፣ ካርትሪጅ (የሚቀየር የስፖንጅ ማጥለያ) ያለው ነው። እኔ ደሞ ንፁህ ሰው ነኝ ብዬ በየሳምንቱ አውጥቼ ቧንቧ ስር እስኪነጣ አሸዋለሁ። ከዛ በሁለተኛው ቀን ውሃው ወተት ይመስላል፣ ቴትራዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ቆሽሾ ነው ብዬ እንደገና አጥባለሁ! ሶስት ቴትራ እንደዚህ አለቁ።

በኋላ ነው የገባኝ፣ ፊልተር ማለት ቆሻሻ ማጥለያ ብቻ አይደለም፣ የባክቴሪያ ቤት ነው። ከአሳው የሚወጣውን አሞኒያ አንዱ ዘር ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ ሁለቱም በብዛት የሚቀመጡት ስፖንጁ ላይ ነው፣ በቂ ሆነው እስኪባዙ ደሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የሚያስቀው ሳጥኑ ውስጥ ለምጨምረው ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብ አደርጋለሁ፣ ስፖንጁን ግን በዛው ባክቴሪያ ገዳይ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ አጥቤ እመልሰዋለሁ። በየሳምንቱ ከዜሮ እየጀመርኩ ነበር ማለት ነው።

አሁን ውሃ ስቀይር (በሳምንት ሩቡን) ከሳጥኑ የቀዳሁት ባልዲ ውስጥ ስፖንጁን ሁለት ሶስቴ ጨመቅ ጨመቅ፣ በቃ። ቡኒ ሆኖ ይመለሳል፣ ይመለስ። ካርትሪጁን በየወሩ ቀይሩ የሚለው ምክር ደሞ በኔ እምነት ካርትሪጅ ለመሸጥ የተፃፈ ነው።

በመጨረሻ በኤር ፓምፕ (በቱቦ አየር የሚነፋ ትንሽ ማሽን) የሚሰራ ስፖንጅ ፊልተር ገዛሁ፣ ባክቴሪያው አዲሱ ላይም እንዲሰፍር ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ከወር በላይ አስኬድኳቸውና የድሮውን አነሳሁት። ለትንሽ ሳጥን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ የሚከራከር ይምጣ። አንድ ነገር ግን፣ ፓምፑን ወለል ላይ እንዳታስቀምጡ። መብራት ጠፍቶ ውሃው በቀጭኗ የአየር ቱቦ ወደ ኋላ ተስቦ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ካልሲዬ ነው የነገረኝ። ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ይሁን፣ ወይ ቱቦዋ ላይ ውሃ የማያስመልሰውን ትንሽ ቫልቭ ሰኩባት፣ እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

ምግብ ላይ አትከተሉኝ፣ አሁንም አበዛለሁ፣ መስታወቱ ጋር ሲሰበሰቡ እጄ አይችልም። ጋፒዎቹም በየወሩ ገደማ እየወለዱ ስንት እንደሆኑ መቁጠር አቁሜያለሁ፣ ትናንት ብቻ ቅጠሉ ስር የዐይን ቆብ ፀጉር የሚያክሉ አስራ ምናምን አየሁ። ወንዶቹን ለብቻ ለይቶ የያዘ ሰው ካለ እስቲ ስንት ሳምንታቸው ላይ እንደለያቸው ይንገረኝ፣ ሁለተኛ ሳጥን ልግዛ ብል ቤት ውስጥ የሚሰማኝ የለም።