ከርብ ከመታች በኋላ፦ አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው

ከርብ (የመንገድ ዳር ድንጋይ) የመታች መኪና በቀጥታ አላይመንት ቤት፣ ማለትም የጎማ አቅጣጫ ወደሚስተካከልበት ቦታ፣ መግባት የለባትም። ይህን ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «መሪው ትንሽ ዘንበል አለ እንጂ ምን ሆነች? አላይመንት አሠርተህ ትገላገላለህ» ይሉኛል። አላይመንት ግን የጎበጠ ብረት አያቃናም። የሚያስተካክለው ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲስተካከል የተተወውን ብቻ ነው። በእኔ ቪትዝ ላይ የተተወው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ቶ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት መጠን። ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት ልክ) እና ካስተር (ጎማው በመሪ ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለበት ልክ) የሚባሉት ፋብሪካው እንዳስቀመጣቸው የሚኖሩ ናቸው። የኋላ እግሯም አንድ ወጥ አግዳሚ ብረት ነው፤ እያዞሩ የሚያስተካክሉት ቡሎን የለውም። እንግዲህ ካምበር ወይም ካስተር ከቦታው ከተነሳ የሆነ ነገር ጎብጧል ማለት ነው። የጎበጠውን ማግኘት ነው ሥራው።

ነገሩ የደረሰው ምሽት ላይ ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ነው። ዝናብ ይጥላል። አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ከግራዬ ቆርጦ ገባ። ወይ እሱን መምታት ነው፣ ወይ ቀኝ መያዝ። ቀኝ ያዝኩ፤ የቀኝ የፊት ጎማዬ ከርቡን ጓ አድርጎ መታው። የድሮው ከርብ ግማሹ ተሰባብሮ፣ ግማሹ አስፋልት ተደራርቦበት ስለነበር ብዙም አይጎዳም ነበር። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የተተከለው ግን ጠርዙ ገና ስል ነው። መንገዱስ አምሯል፤ ከርቡ ግን ቸርኬ አይምርም።

ፍሬቻውን አብርቼ ወረድኩ። እዚያው ቆሜ ያየሁት ጥቂት ነገር ነው፤ ግን ሳላየው አልነሳም ነበር። በስልክ መብራት የጎማውን ጎን ዳሰስኩ፤ እብጠትና የተቆረጠ ቦታ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ጎንበስ ብዬ ከሥር ዘይት ወይም የፍሬን ፈሳሽ ይንጠባጠብ እንደሆነ አየሁ፤ የለም። ፍሬን ረገጥኩ፤ ጠንካራ ነው። መሪውን ቀስ ብዬ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ጎማው የትም አይነካም፣ ቀጭ የሚል ድምፅም የለም። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ችግር ባገኝ ኖሮ መኪናዋ በጎታች ነበር የምትሄደው። ቀስ እያልኩ ቤት ገባሁ። በመንገድ ላይ ሁለት ምልክት ያዝኩ። ቀጥ ብዬ ስሄድ መሪው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ነው የሚቆየው። እጄን ላላ ሳደርግ ደግሞ መኪናዋ ራሷ ወደ ቀኝ ትጎትታለች።

እነዚህ ሁለቱ አንድ በሽታ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የመሪ መዝመም አብዛኛውን ጊዜ የቶ ጉዳይ ነው። መጎተት ግን ከካስተር፣ ከካምበር፣ ከጎማ ወይም ከሚይዝ ፍሬን ይመጣል። መንገዱም ራሱ ያታልላል። አስፋልታችን ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ያዘነበለ ስለሆነ ጤነኛ መኪናም ትንሽ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ስለዚህ እሁድ በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል ወጣሁ። ባለ አካፋዩ መንገድ ላይ አንዴ በቀኙ ረድፍ፣ አንዴ አካፋዩን ተጠግቼ ነዳሁ። መንገዱ ቢሆን ኖሮ ግራው ረድፍ ላይ መጎተቱ ሊቀንስ ይችል ነበር። የእኔዋ በሁለቱም ያው ናት። ነፋስም አስለካሁ፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ናቸው። ቆሜ ቸርኬዎቹን በእጄ ጀርባ ጠጋ ብዬ ሞከርኩ። አንዱ ብቻ ቢግል ፍሬኑ ይዟል ማለት ነበር። አልጋለም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መስቀል አደባባይ ሄጄ የምድር ቤቱ ፓርኪንግ ገባሁ። ለልኬት ከዚያ የተሻለ ቦታ መሀል ከተማ አላውቅም። ወለሉ ልሙጥ ነው፣ መብራት አለ፣ ዝናብ የለም። ጥበቃው ሜትር ይዤ መሬት ላይ ስንበረከክ «ምን ጠፋብህ ወንድሜ?» አለኝ። «አንድ ሳንቲ ሜትር» አልኩት። ቀልዴ አልገባውም። ግን እውነቴን ነበር።

መሪውን ጎማዎቹ ቀጥ እስኪሉ አስተካከልኩና ከፊት ጎማው መሀል ተነስቼ በበሩ ግርጌ ክሪክ እስከሚገባበት ጥርስ ድረስ ለካሁ። መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። ቀኙ በ12 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል። ጎማው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ይህ በዓይን አይታይም፤ ካወቁ በኋላ ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ያለውን ክፍተት ስታዩ ትገረማላችሁ። ቀጥሎ እጄን ከጎማው ጀርባ አስገብቼ በጎማውና በአሞርዛተሩ መሀል ያለውን ክፍተት በጣቴ ሞከርኩ። በግራ ሌባ ጣቴ ትንሽ ተጨናንቃ ታልፋለች። በቀኝም እንደዚያው። ይቺ ትንሽ ምርመራ ብዙ ነገር ትናገራለች። አሞርዛተሩ ወይም ጎማውን የተሸከመው ብረት ቢጎብጥ ኖሮ ክፍተቱ ይጠብ ወይም ይሰፋ ነበር። ስላልተቀየረ ጥርጣሬዬ ወደ ታች ወረደ፤ ጎማውን ከታች ከመኪናዋ አካል ጋር ወደሚያያይዘው ብረት፣ ወደ ኮንትሮል አርሙ።

ቤት ተመልሼ በክሪክ አነሳኋት፤ ከሥር መደገፊያ ማቆም ግዴታ ነው፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዤ ነቀነቅሁ። ልቅነት ቢኖር ታይሮዱን፣ ማለትም መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ፣ እጠረጥር ነበር፤ የለም። ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅሁ። እዚህ ላይ ጥቂት ትንቀሳቀሳለች። ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው ወይስ ቦል ጆይንት (ኮንትሮል አርሙን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ)? ታናሽ ወንድሜን ፍሬን እንዲረግጥ አደረግሁ። ፍሬን ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። አልጠፋም፤ ቦል ጆይንቱ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጎማውን በእጄ እያሽከረከርኩ እስክሪብቶ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ይዤ አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ጠርዙ ወደ እስክሪብቶው ይጠጋል። ቸርኬውም ተነክቷል። የተነካ ቸርኬ ያንዘፈዝፋል፤ ንዝረቱ ግን በ80 ወይም በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው ቁልጭ ብሎ የሚሰማው። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ያ ፍጥነት የለም፤ ሰው ሳያውቀው ብዙ ሊነዳ ይችላል።

አላይመንት ቤት የሄድኩት አሁን ነው፤ ለማሠራት ሳይሆን ለመለካት። ልጁ መኪናዋን እንዳስገባ የታይሮዱን ዳዶ ለማላላት ቁልፍ አነሳ። «ብሮ፣ ሳትነካት መጀመሪያ ለካና ፕሪንት ስጠኝ» አልኩት። «እንደዛ አንሠራም፣ ለክተን እዛው ነው የምናስተካክለው» አለ። ሙሉ ሂሳብ እንደምከፍል ስነግረው ፊቱ ፈታ አለ። አንድ ሌላ ነገርም ለመንኩት፤ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሮ ካስተሩን እንዲለካ። ብዙ ቦታ ይህን ይዘሉታል፤ ቶውን አስተካክለው ይሸኛሉ። እንደዚያ ቢያደርጉልኝ መሪው ቀጥ ይል ነበር። መኪናዋ ግን መጎተቷን አታቆምም፤ እኔም ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎኝ በተጎዳ ቦል ጆይንት እነዳ ነበር።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ካስተር በግራ 3.6 ዲግሪ፣ በቀኝ 2.3። መኪና አነስተኛ ካስተር ወዳለበት ጎን ትጎትታለች፤ መጎተቱ ተገኘ። ካምበር በግራ −0.5፣ በቀኝ +0.1። የምወደው ቁጥር ግን ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ ያው ጎማው በመሪ ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነበለበት ልክ። በግራ 10.2፣ በቀኝ 9.6። ይህን ከካምበሩ ጋር ደምሩት። ግራው 9.7 ይመጣል፣ ቀኙም 9.7። ድምሩ እኩል ከሆነ አሞርዛተሩና የጎማው ተሸካሚ ደህና ናቸው፤ የተነሳው ከታች ያለው ኮንትሮል አርም ነው፣ ወይም ከላይ አሞርዛተሩ የታሰረበት ቦታ ነው። ድምሩ ቢለያይ ነገሩ ግልባጭ ነበር። ጣቴ ፓርኪንግ ውስጥ የነገረችኝን ማሽኑ በቁጥር ደገመው።

መካኒኩ ሰንጋ ተራ አካባቢ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ወረቀቱን አላዩትም፤ መብራት ይዘው ከሥር ገቡ። «ና ልጄ፣ እይ» አሉኝ። ኮንትሮል አርሙ አቧራ ለብሷል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ቀለሙ ተሸብሽቦ ተፈልጧል፣ ስንጥቁ ውስጥ ብረቱ ገና ያበራል። የቆየ ጉዳት ቢሆን ዝገት ይዞት ነበር። የአርሙ የኋላ ጎሚኒ፣ ማለትም መያዣ ላስቲኩም፣ ተቀዷል። «ጋሼ፣ አቃንተው ይመልሱት የሚሉኝ ሰዎች አሉ» ስላቸው «መቃናቱንማ ይቃናል፣ ተመልሶ ሲጎብጥ ግን አንተ መንገድ ላይ ነህ» አሉ። በእሳት የተቃና ብረት ጥንካሬው እንደ በፊቱ አይደለም። እኔም በዚህ አልደራደርም።

ዕቃውን ፍለጋ ሱማሌ ተራ ወረድኩ። ያገለገለ ኮንትሮል አርም መግዛት ነውር የለውም። ግን የብዙዎቹ ዕቃዎች ባለቤት የነበረችው መኪና ተጋጭታ ነው የተፈታችው። ስለዚህ ሁለት የቀኝ አርሞች አስመጥቼ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩ። ቀዳዳዎቹ ልክ ለልክ መግጠም አለባቸው። አንደኛው ጥንድ አልገጠመም፤ ሻጩ ተናደደብኝ። ሌላ ጥንድ አመጣ፤ ገጠመ። ቦል ጆይንቱንና ጎሚኒዎቹን ግን አዲስ ነው የገዛሁት። እዚያ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ሲገጠም አንድ ነገር ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። የአርሙ ቡሎኖች መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች መጥበቅ የለባቸውም። እንዲያ ከጠበቁ ጎሚኒው በተንጠለጠለበት አቋም ይያዛል፤ መኪናዋ መሬት ስትወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ሽማግሌው በእጅ ብቻ አያይዘው መኪናዋን ካወረዱ በኋላ ነው አጥብቀው የጨረሱት። ሳልነግራቸው ነው ያደረጉት፤ ያን ቀን ደንበኛቸው ሆንኩ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አላይመንት የሚሠራው። ካስተሩ በግራና በቀኝ ተቀራረበ፤ ቀሪው ቶ ብቻ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መሪውን ለማቃናት ነቅለው አዙረው የሚገጥሙ አሉ። አትፍቀዱ። መቃናት ያለበት በሁለቱ ታይሮዶች ነው። አለበለዚያ መኪናዋ ወደ አንዱ ጎን የበለጠ፣ ወደ ሌላው ያነሰ ትታጠፋለች። በተለይ እንደ እኔዋ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዝ ያላችሁ፣ መሪው ከመጀመሪያውም መሀል ላይ መሆኑን አስለኩ።

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያወጣ በውስጥ በኩል እብጠት አገኘ። ከውጭ ምንም አልነበረም። እብጠት ማለት ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ አይጠገንም። ቸርኬው ብረት ስለሆነ ተቃንቶ ባላንስ ተደረገ፤ አሉሚኒየም ቢሆን ስንጥቅ ፈርቼ እቀይረው ነበር። ሁለት አዲስ ጎማ ከፊት አስገባሁ፤ ደህናው የግራ ጎማ ስኮርታ ሆነ። ኩሽኔታውን ግን ገና እየጠበቅሁት ነው። በከርብ የተመታ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ የሚያጉረመርመው ቆይቶ ነው። ስለዚህ አሁንም ሬዲዮ ዘግቼ የምነዳበት ሰዓት አለኝ። ወደ ግራ ስታጠፍ ክብደቱ ቀኙ ላይ ስለሚያርፍ፣ ድምፅ ካለ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።