«ዘይት ጠብ አድርጊበት»

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪናሽ ቁልፍ አልዞር ሲል ያየ ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። የፓርኪንግ ልጁ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ከኋላ ጥሩምባ የሚያስነፋው የታክሲ ረዳት፣ ሁሉም ያላቸው መድኃኒት አንድ ነው። «ማዘር፣ ዘይት ጠብ አድርጊበት!» የምን ዘይት ብዬ ስጠይቅ መልሱ እንደየሰው ነው። የሞተር ያለኝ አለ፣ የፍሬን ያለኝ አለ። አንዱ እንዲያውም የምግብ ዘይት ብሎኛል። በዚህ ዋጋ!

የእኔዋ መኪና እ.ኤ.አ. የ1986 ዲኤክስ ናት። ሴንተር ሎክ አታውቅም፣ ሪሞትም የላትም። ቁልፉ ካልዞረ በሾፌሩ በር መግባት የለም። ስለዚህ ሰሞኑን በቀኙ በር እየገባሁ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ማርሹን ተሻግሬ ነበር መሪው ጋ የምደርሰው። ለፓርኪንግ ልጆች ጥሩ ትርኢት ሆኜላቸዋለሁ። አንዱማ «ማዘር፣ ዛሬ ፈጠን ብለሻል» ይለኛል።

ማንም ሳይነካካው በፊት የታመመው የቱ እንደሆነ መለየት ይሻላል፤ ደግሞም ቀላል ነው። ቁልፉ አንድ በር ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ችግሩ የበሩ ነው። በሁሉም በር፣ በኋላ ኮፈኑም፣ በሞተር ማስነሻውም ላይ ካስቸገረ ቁልፉ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው። ቁልፉ እሺ ብሎ ዞሮ በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ነገሩ ከቁልፉ አልፏል፤ በሩ ውስጥ ያለው ዘንግ ወይም መንጠቆው ጋ ነው። የእኔ ቀኝ በር ምንም አይልም። ግራው ግን ቁልፉን ይውጠውና ነክሶ ይይዘዋል።

ቁልፉ የሚዞርበት ሲሊንደር ውስጥ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ቅጠል የራሷ ትንሽዬ ሞላ አላት። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ቅጠሎቹን ሁሉ እኩል ያደርጓቸዋል፣ ያኔ ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዷ ቅጠል ሚሊሜትር ለማይሞላ ነገር ወጣ ብላ ከቀረች ግን አይዞርም። እንግዲህ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ዘይት ሲገባ አስቡት። በጋውን ሙሉ ከተማው አቧራ ነው፤ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ ሰፈራችን ከደረሰ ወዲህማ የቡና ስኒያችን ላይ ሳይቀር አቧራ አለ። ዘይቱ አቧራውን ይይዛል፣ ሁለቱ ይቦካሉ፣ ሞላዎቹ ቅጠሎቹን መግፋት ያቅታቸዋል። ክፋቱ ዘይት በገባበት ሰሞን ቁልፉ በደንብ ይዞራል። ምክሩ የማይሞተውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ ነው። ደብሊውዲ-40 የሚባለው ስፕሬይ በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። ብዙ ሰው ቅባት ብቻ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ግን የታሰበው ውሃን አባርሮ ብረትን ከዝገት እንዲጠብቅ ነበር፤ የአትላስ ሚሳኤልን ውጫዊ አካል ይቀቡት ነበር። እኔ የፈለግሁት የደረቀ ቅባት ማሟሟቱን ነው። ቀጭኗን ቱቦ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቼ ነፋሁበት። ቁልፉን አስገብቼ አወጣሁ፣ በጨርቅ ጠረግሁ፣ እንደገና ነፋሁ። የወጣው ጥቁር ነገር አይወራም። ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ሲጀምር ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ።

«የትኛው ጎማ ነው?»

«ጎማ አይደለም፤ የበሩን ቀዳዳ በኮምፕሬሰር ንፋልኝ።»

ልጁ ሳቀ፣ ነፋልኝ፣ ብሩንም አልቀበልም አለ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አቁሜ አደረቅኋት። ይሄ ማድረቅ የሚዘለል አይደለም። ቀጥሎ በዘይት ፈንታ የሚገባው ግራፋይት፣ ያ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ደረቅ ማለስለሻ፣ እርጥበት ካገኘ እሱም ይቦካል፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

የግራፋይት ዱቄት ለመፈለግ ሶማሌ ተራ አልወረድኩም። የልጄን 6ቢ የሥዕል እርሳስ ተበደርኩ። ለስላሳው እርሳስ ውስጡ ሸክላው ትንሽ፣ ግራፋይቱ ብዙ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኤችቢም ቢሆን አይከፋም። ጫፉን በምላጭ ፍቄ ዱቄቱን በታጠፈ ወረቀት ቀዳዳው ውስጥ አራገፍኩ። የቁልፉንም ጥርሶች በእርሳሱ አጠቆርኳቸው። ማስገባት፣ ማዞር፣ ማውጣት። አሁን በሩ በሁለት ጣት ይከፈታል። ጣት ትንሽ ያጠቁራል፤ ነጭ ለብሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ልትሄዱ ስትሉ ግን አትሞክሩት።

ችግራችሁ የተበላ ቁልፍ ከሆነ እርሳስ አያድናችሁም። ቁልፍ ቀራጩ ጋ ስትሄዱ ግን በየቀኑ የምትይዙትን ቁልፍ አትስጡት። ማሽኑ የሰጣችሁትን ነው የሚቀዳው፤ የተበላውን ከነመበላቱ ይቀዳላችኋል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ መጠባበቂያ ካለ እሱን ውሰዱ።

መንጠቆው ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ቅባት ያስፈልጋል። በሩን ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ የሚታየው፣ ምሰሶው ላይ ያለውን ብረት የሚጨብጠው ጥፍር ነው። የድሮ ግሪስ ሲደርቅበት አይመለስም፣ በሩም ሲዘጋ ተመልሶ ይነጥራል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጥቡት፣ ሲደርቅ አዲስ ግሪስ ቀቡት። በሩ እንደተከፈተ ጥፍሩን በካቻቪቴ ገፍታችሁ ቆልፉት፣ ከዚያ እጀታውን ሳቡ። ጥፍሩ ከተመለሰ ጨርሳችኋል። ካልተመለሰ በሩን ለመዝጋት አትሞክሩ፤ ጥፍሩ ከምሰሶው ብረት ጋር ይጋጫል።

ይህን ሁሉ ያየች ጎረቤቴ የቪትዟ የኋላ በር ከውስጥ አልከፈት ማለቱን ነገረችኝ። ከውጭ ግን ይከፈታል አለች። መካኒኩ በሩን ፈትቼ ላየው ብሏታል። በሩን ከፍቼ ጠርዙን አየሁት። የልጆች መቆለፊያዋ ትንሽ ማንሻ ወደ ታች ወርዳለች። በጣቴ መለስኳት።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

መካኒኩ ጋ ደውላ ቀጠሮውን ሰረዘች።