የኤም33ን ወጣት ከዋክብት ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ማንሳት

ኤም33 የተባለው ጠምዛዛ ጋላክሲ 2.7 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ክንዶቹ ላይ የሚወለዱትን ከዋክብት ለመያዝ ተራ ካሜራ፣ 200 ሚሊሜትር ሌንስና የሰማዩን ዙረት የሚከተል መከታተያ በቅተውኛል። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከአናት 20 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ያልፋል።

መከታተያው በትክክል እንዲዞር ዘንጉ ሰማዩ ወደሚዞርበት ነጥብ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ፣ መነጣጠር አለበት፤ ምልክቱም የሰሜን ኮከብ ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ዋናው ጣጣ ይኸው ኮከብ ነው። ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ጣርማ በር ከፍታው ቢያጓጓም ከቆላው የሚወጣው ጉም አያስተማምንም፤ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ሰሜኑ ገላጣ የሆነ ማሳ ይሻላል። ኮከቡን መሐል ላይ ማስገባት አይበቃም፤ ራሱ ከእውነተኛው ዋልታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይርቃል። ግማሽ ዲግሪ መሳት በ90 ሰከንድ ፎቶ ወደ 3 ፒክሰል ያንሸራትትና ከዋክብቱን ሰረዝ ያደርጋቸዋል። ዋልታው በትክክል ካልተገኘ እያንዳንዱን ፎቶ ከ30 ሰከንድ አላስበልጥም።

የማነሣው በኤፍ/4 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በአይኤስኦ 1600 (የብርሃን ትብነት)፣ ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል፣ የፎቶዎቹ ጊዜ ተደምሮ ቢያንስ 2 ሰዓት ነው። ውርጩ ሌንሱን ሳይዘው በዩኤስቢ የሚሞቅ ማሰሪያ ይጠመጠማል፤ ትርፉ ባትሪ ከጋቢ ሥር ይቀመጣል።

ፎቶዎቹን የምደራርበው ሲሪል በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ቀለሙን አስቀድሞ በሚታወቀው የከዋክብት ቀለም መረጃ ማስተካከል የግድ ነው፤ በዓይን ግምት ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰማያዊው ነው። ሰማያዊ ነጠብጣቦቹ ወጣት የከዋክብት ስብስቦች ናቸው። ቀዩ ደግሞ በትኩስ ከዋክብት አልትራቫዮሌት የሚበራ ሃይድሮጅን ነው፤ እነዚያ ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ፣ ቀይ ያለበት ስብስብ ባብዛኛው ከ10 ሚሊዮን ዓመት በታች ነው። ቀይ የሌለው ጋዙን ገፍቶ ጨርሷል ወይም ትኩሶቹ ሞተውበታል።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተራ ካሜራ ማጣሪያ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን (656.3 ናኖሜትር) አብዛኛውን ይቆርጠዋል፤ ቀይ ያልታየው በካሜራው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ኤንጂሲ 604ን ነው፦ እዚያው ኤም33 ውስጥ ያለ፣ 1,500 የብርሃን ዓመት የሚሰፋ ኔቡላ (የጋዝ ደመና)፣ በዚህ ሌንስ 25 ፒክሰል ገደማ። እሱ ሮዝ ካልሆነ ስለሌሎቹ ዕድሜ መናገር አይቻልም። ከመጠን በላይ ሲያበሩትም ነጭ ይሆናል።

አቧራ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ በክንዱ ላይ በተርታ ሲሰለፉ ማየት የሚፈልግ ኤም33 ላይ አይድከም፤ ክንዶቹ የተቆራረጡ ናቸው። ለዚያ የሚሆነው ኤም51 የተባለው ሌላ ጠምዛዛ ጋላክሲ ነው፤ የበልግ ደመና ካልከለከለ ግንቦት ላይ ይታያል። በ200 ሚሊሜትር ግን 150 ፒክሰል ብቻ ስለሚሆን ቴሌስኮፕ ይጠይቃል።