ቱሪን ውስጥ ፊቱ ያላማረ ሰው

ጣሊያን፣ ቱሪን የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ነው። ጠዋት ቡና እያፈላች፣ ክፍል ሊከራያት የመጣ አንድ ሰው እንደመለሰች ነገረችኝ።

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም። ፊቱ አላማረኝም።»

እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ በሜትሮ ኒዛ ጣቢያ ወረድኩና ቪያ ፒየትሮ ጁሪያን ፍለጋ ገባሁ። እዚያ፣ ወንጀለኛ ከአካሉ ይታወቃል ያለው የቼዛሬ ሎምብሮሶ የወንጀል አንትሮፖሎጂ ሙዚየም አለ። ለሕዝብ የተከፈተው በ2009 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ባለቤቱ ራሱ እዚያው ቆሟል፤ አጽሙ ማለቴ ነው። በ1909 ሲሞት ሰውነቴን ለሳይንስ ብሎ ተናዝዞ ነበር።

የሐሳቡ መነሻ አንድ ራስ ቅል ነው። ጁዜፔ ቪሌላ የሚባል ከደቡብ ጣሊያን፣ ከካላብሪያ የመጣ እስረኛ ነበር። ሐኪሙ ሎምብሮሶ ቅሉን ሲመረምር ከኋላ በኩል፣ ከውስጥ፣ በሌሎች እንስሳት ላይ የምትታይ ጎድጓዳ ቦታ አገኘ። በቃ! ወንጀለኛ ማለት ወደ ጥንት አውሬነቱ የተመለሰ፣ ሲወለድም ወንጀለኛ የሆነ ሰው ነው አለ። በ1876 መጽሐፉን አወጣ። ትልቅ መንጋጋ፣ ረጅም ክንድ፣ የተገተረ ጆሮ ሁሉ ምልክት ሆነ። እኛስ «ዘር ከልጓም ይስባል» እንል የለ? እሱ በመለኪያ ነው ያለው።

ንቅሳትም ምልክት ነበር። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። አያቴ አንገቷ ሙሉ ንቅሳት ነበራት፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ መስቀል። ዶሮ ስታርድ እንኳ ፊቷን የምታዞር ሴት!

ብዙ የቆምኩት ግን እስረኞቹ የውሃ ማሰሮዎቻቸው ላይ የጫሩት ጽሑፍና ሥዕል ጋ ነው። ሎምብሮሶ የሰበሰባቸው ለማስረጃነት ነው። እኔ ያየሁት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ነው። የታሰረ ሰው ድሃ ነው፣ የተራበ ነው፣ አፍንጫው በድብድብ የተሰበረ ነው። ይህን ሁሉ ከተፈጥሮ ለይቶ ለማየት ያልታሰረውን ሰውም በደንብ መለካት ያስፈልጋል። የእሱ ማነጻጸሪያ ግን ደካማ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎሪንግ 3,000 ያህል እስረኞችን ለክቶ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ጋር አስተያየ። በ1913 ውጤቱን ሲያወጣ የወንጀለኛ መልክ የሚባል ነገር አላገኘም።

የቪሌላ መንደር ሞታ ሳንታ ሉቺያ ቅሉ ይመለስልኝ ብላ ከሳ ነበር። በ2012 ተፈረደላት፣ በይግባኝ ተሻረ። ቅሉ ቱሪን ቀረ።

ማታ እራት ላይ ያየሁትን ሁሉ ተረኩላት። ስለ ጆሮው ስነግራት በሳቅ ሞተች።

«ለመሆኑ ያ ሰውዬስ?» አልኳት።

«ደውሎ ነበር» አለች እንጀራ እየጨመረችልኝ። «አላነሳሁለትም።»