ለኪሎዬና ለነፋሱ የሚሆን ካይትቦርድ እንዴት እንደመረጥኩ

ካይትቦርድ፣ ማለትም ካይት የሚባል በነፋስ የሚበር ትልቅ ጨርቅ እየጎተተን ውሃ ላይ የምንቆምበትን ሰሌዳ፣ ልገዛ ሳስብ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚሰጠኝ አንድ ቁጥር ነው፣ አንዱ 136 ይበቃሃል ይላል፣ ሌላው 138 ያዝ፣ ሌላው ደሞ ከ142 በታች ከሆነ ከውሃው አትነሳም። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ርዝመት ብቻ ነው፣ በሳንቲ ሜትር፣ ቁጥሮቹ ደግሞ አይስማሙም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከስሩ ልየው አልኩ፣ ባገኘሁት ደስተኛ ስለሆንኩ የመጀመሪያ ቦርዳችሁን ልትገዙ ላላችሁ ልንገራችሁ። የማወራው ስለ ትዊን ቲፕ ነው፣ ማለትም በሁለቱም ጫፍ ወደፊት ስለሚሄደው።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ግን ውሃ ውስጥ ስገባ የምለብሰውን ሁሉ ለብሼ። ለብቻዬ 74 ኪሎ ነኝ፣ እርጥብ ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከል የውሃ ልብስ)፣ ሃርነስ (ካይቱ የሚያያዝበት ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ) እና ቬስት ሲጨመርበት ግን 80 ተጠጋሁ። ቦርዱ የሚሸከመው ይሄንን ነው እኮ! አምራቾቹ የሚያወጡት ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሰውነት ኪሎ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ወፍራም ዌትሱት የምትለብሱ ከሆነ ከተሰጠው ክልል ወደ ትልቁ ጠጋ በሉ። ለመነሻ ያህል ከ55 እስከ 65 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ130 እስከ 135 ሳንቲ፣ ከ65 እስከ 80 ለሆነ ከ135 እስከ 140፣ ከ80 እስከ 95 ደሞ ከ140 እስከ 145 አካባቢ ይባላል፣ ከዛ በላይ ለሆነ ወደ 150 ይሄዳል። ይሄ መካከለኛ ችሎታና መካከለኛ ነፋስ ታስቦ ነው፣ ካምፓኒ ለካምፓኒም ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ስፋት። ድሮ ትዊን ቲፕ ሲጀመር ቦርዶቹ ጠበብና ረዘም ያሉ ነበሩ፣ ሰው ርዝመትን ብቻ የሚጠራው ከዛ የቀረ ልማድ ይመስለኛል። ግን ስሌቱን ሥሩት እስቲ፣ 136 በ40 የሆነ ቦርድ አለ እንበል፣ ርዝመቱን በ2 ሳንቲ ብናሳድገው የሚጨመረው ስኩዌር ሳንቲ 80 ነው፣ ስፋቱን በ2 ሳንቲ ብናሳድገው ግን 272 ይጨመራል። ጫፎቹ ክብ ስለሆኑ እውነተኛው የገጽ መጠን ከዚህ ትንሽ ያንሳል፣ ንጽጽሩ ግን ያው ነው፣ 1 ሳንቲ ስፋት ከ3 ሳንቲ ርዝመት በላይ ይሠራል። ይሄን ካየሁ በኋላ ያ ሁሉ የ136 እና የ138 ክርክር ቀለለብኝ፣ 136 በ42 የሆነው ከ140 በ40 የበለጠ ሰው ያነሳል።

ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ቦርዱ ውሃው ላይ የሚያቆማችሁ በገጹ መጠንና በፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ካለ ትንሽ ቦርድም ይበቃል፣ ነፋሱ ደክሞ ፍጥነት ሲጠፋ ግን ገጹ ነው የሚያድናችሁ፣ ትንሽ ቦርድ ላይ ከሆናችሁ ላለመስመጥ ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ እየወረዳችሁ ትሄዱና ከዛ ቦርዱን ተሸክሞ በእግር መመለስ ነው። የነፋስ ጉልበት ደሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ 24 ኖት (ኖት የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው፣ በሰዓት 1.85 ኪሎሜትር ገደማ) ከ12 ኖት ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። ያን ሁሉ ልዩነት በዋናነት የምታስተካክሉት በካይቱ ነው፣ እኔ በ15 ኖት አካባቢ 12 ስኩዌር ሜትር የሆነውን ካይት፣ በ20 ደሞ 9ኙን ነው የማወጣው። ቦርድ ግን ብዙ ሰው አንድ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቦርዱን ብዙ ቀን ለምታገኙት ነፋስ ምረጡት፣ በዓመት አልፎ አልፎ ለሚመጣው ከባድ ነፋስ አይደለም።

ታዲያ ሁሌ ሰፊውን ልያዝ ማለት ነው? አይደለም፣ እዚህ ጋር ነው የሙከራው ጥቅም የታየኝ። ኪሎው ከኔ ጋር የሚቀራረብ ጓደኛዬን ይዤ በአንድ ነፋስ፣ በተመሳሳይ ካይት፣ ቦርድ እየተለዋወጥን ነዳን። ካይቱን ከውሃው በላይ በ45 ዲግሪ አካባቢ ሳላንቀሳቅሰው አቆመዋለሁ፣ ቦርዱ በራሱ መንሸራተቱን ከቀጠለና ወደ ነፋሱ ከወጣ፣ ማለትም ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እየቀረበ ከሄደ፣ ገጹ ይበቃኛል ማለት ነው። ነፋሱ ሲጠነክር ደሞ ተቃራኒውን አያለሁ፣ ተረከዜን ተጭኜ ጠርዙን ውሃው ውስጥ መያዝ እችላለሁ ወይ? ሰፊው ቦርድ ላይ ተረከዜ ከጠርዙ ስለሚርቅ ማዘንበሉ ከበደኝ፣ በትናንሽ ሞገድ ላይ እየነጠረ እግሬን አደከመው፣ ካይቱ እየጎተተኝ ሲሄድ መያዣ አጣሁ። እግሩ ትንሽ የሆነ ሰው ይሄ የበለጠ ይሰማዋል፣ የጫማ ቁጥራችሁ ትንሽ ከሆነ ስፋቱን ቀንሳችሁ በርዝመት ማካካስ ይሻላል፣ ይሄን ግን ማንም ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከመጠን ሌላ ቅርጽም አለ። ቦርዱን መሬት ላይ ስታስቀምጡት ጫፎቹ ከፍ የሚሉበት መጠን ሮከር ይባላል፣ ሮከሩ ትንሽ ከሆነ በደካማ ነፋስ ቶሎ ይነሳል፣ ወደ ነፋሱም ጥሩ ይወጣል፣ ትልቅ ከሆነ ደሞ ሞገድ ላይና ከዝላይ ሲታረፍ ለጉልበት ይመቻል ግን ይዘገያል። የጎን መስመሩ ቀጥ ያለ ቦርድም እንዲሁ ወደ ነፋሱ መውጣት ይወዳል። ስለዚህ ሁለት 138 በ41 ቦርዶች ውሃ ላይ ጨርሶ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ።

እኔ የያዝኩት 138 በ41 ነው፣ ሮከሩ መካከለኛ፣ ከ14 ኖት እስከ 25 ድረስ ካይት እየቀየርኩ በደስታ እነዳበታለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ለኪሏችሁ ከሚባለው 4 ወይም 5 ሳንቲ ጨምሩ፣ ካይቱን በደንብ መቆጣጠር እስክትችሉ ድረስ ያ ትርፍ ገጽ ብዙ ይረዳል፣ ቦርዱን በደንብ ስትለምዱት ደሞ ለሌላ ጀማሪ መሸጥ ቀላል ነው። ብዙ ቀን ከ12 ኖት በታች የሚነፍስበት ቦታ ከሆናችሁ ግን መካከለኛውን ለማተለቅ አትሞክሩ፣ 160 በ45 አካባቢ የሆነ የደካማ ነፋስ ቦርድ ለብቻው ያዙ፣ የተጠቀሙበትም ቢሆን ችግር የለውም፣ ብቻ ጠርዞቹ እንዳልተሰነጠቁና የእግር ማሰሪያው ብሎኖች የሚገቡበት ቀዳዳ እንዳልዛገ እዩ።